ጣት ያረፈበትን ማግኘት፦ የንክኪ ኢላማ ጥያቄ ሲዳሰስ

ጣት በስልክ ስክሪን ላይ ሲያርፍ ሃርድዌሩ ለሶፍትዌሩ የሚያቀብለው መረጃ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከግራ ጠርዝ ምን ያህል ራቀ፣ ከላይ ጠርዝ ምን ያህል ወረደ፣ መቼ ነካ፣ ስንተኛው ጣት ነው። መስታወቱ ስለ በተን፣ ስለ ፎቶ ወይም በዝርዝር ውስጥ ስለተጻፈ የሰው ስም የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። «የተነካው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ፕሮግራሙ ነው። መልሱ ሲቃና ማንም ልብ አይለውም። ሲስት ግን ሰው ሊያስቀረው የፈለገውን ፎቶ ያጠፋል፣ ላላሰበው ሰው ገንዘብ ይልካል።

ጥያቄው በሞባይል ፕሮግራመሮች ዘንድ ዘወትር ይነሳል። አንዱ አራት ፎቶዎችን ደርድሮ የትኛው እንደተነካ ማወቅ ያቅተዋል። ሌላው በረጅም ዝርዝር ውስጥ አንዱን መስመር ሲነካ የሌላው መስመር መረጃ ይከፈትበታል። ሦስተኛው በተኑ በዓይኑ እየታየው ንክኪ አልቀበል ይለዋል። የሚሰጡት መፍትሔዎች በአብዛኛው ቁርጥራጭ ናቸው፤ አንድ መስመር ኮድ ይጨመራል፣ ችግሩ ይጠፋል፣ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቀራል። እኔ እንደማየው የአብዛኞቹ ስሕተቶች ምንጭ አንድ ነው። ጣት ያረፈበት ነገር፣ ንክኪውን የሚያዳምጠው ነገርና ተጠቃሚው ያሰበው ነገር ሦስት ሆነው ሳለ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ይህ ዳሰሳ ዋና ዋናዎቹ የሞባይል ሥርዓቶች ሦስቱን የት እንደሚለዩና የት እንደሚያደባልቁ ይመለከታል።

አሠራሩ ለማስረዳት ስለሚቀል ከአፕል አይኦኤስ እንጀምር። በስክሪኑ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ነገር ቪው ይባላል፤ ቪዎቹ በወላጅና በልጅ ተዋረድ ይደረደራሉ፤ በተዋረዱ አናት ላይ ዊንዶው ይቀመጣል። ጣት ሲያርፍ ዊንዶው «ሂት ቴስት» የተባለውን ፍለጋ ይጀምራል። ቪው ሁሉ ተራው ሲደርስ «ይህ ነጥብ በክልልህ ውስጥ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። አይደለም ካለ እሱም ልጆቹም በሙሉ ይታለፋሉ። ነው ካለ ፍለጋው ወደ ልጆቹ ይወርዳል፤ ተራው የሚጀምረውም መጨረሻ ላይ ከተጨመረው፣ ማለትም ለዓይን ከፊት ሆኖ ከሚታየው ልጅ ነው። ከልጆቹ አንዱም ነጥቡን የእኔ ካላለ ወላጁ ራሱ ኢላማ ይሆናል። የተደበቀ ቪው፣ ንክኪ እንዳይቀበል የተዘጋ ቪው፣ እንዲሁም አልፋው (የመታየት መጠኑ) ከ0.01 በታች ወርዶ ጨርሶ የማይታይ ቪው በፍለጋው ውስጥ አይገቡም።

ይህች አጭር ደንብ ብዙ ራስ ምታት ታመጣለች። አንድ በተን ከወላጁ ክልል ወጣ ብሎ ሊሳል ይችላል፤ ወላጁ ልጆቹን በጠርዙ ላይ እስካልቆረጠ ድረስ በተኑ ሙሉ ሆኖ ይታያል። የወጣው ክፍል ሲነካ ግን ምላሽ የለም። ምክንያቱም ወላጁ «ነጥቡ ከእኔ ክልል ውጭ ነው» ብሎ ስለመለሰ በተኑ ጭራሽ አልተጠየቀም። ሥዕሉ የሚከተለው ደንብ ሌላ፣ ንክኪው የሚከተለው ደንብ ሌላ ነው። ከበተን ሥር ብቅ የሚል ሜኑ፣ ከካርድ ጥግ ላይ የተሰካ የመዝጊያ ምልክት፣ ከታች ካለው ባር ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ክብ በተን፣ ሁሉም በዚሁ ወጥመድ ይወድቃሉ። መፍትሔው ወላጁን ማስፋት ወይም ስለ ክልሉ የሚጠየቀውን ፋንክሽን ለብቻው ጽፎ ልጁን እንዲያካትት ማድረግ ነው። የጉግል የመተግበሪያ መሥሪያ የሆነው ፍለተርም በዚህ ረገድ ከአይኦኤስ አይለይም፤ ከሳጥኑ ወጥቶ የተሳለ ነገር ይታያል እንጂ አይነካም። በአይኦኤስ ላይ ሌላም ትንሽ እንቅፋት አለ። ፎቶ የሚያሳየው ዩአይ ኢሜጅ ቪው ገና ሲፈጠር ንክኪ እንዳይቀበል ተዘግቶ ነው፤ ጀማሪው ይህን ሳያውቅ የጄስቸር (የጣት እንቅስቃሴ) ተቀባይ ይጨምርበትና ለምን ዝም እንዳለው ሲመራመር ይውላል።

ኢላማው አራት ማዕዘን ካልሆነስ? ክብ በተን ከሆነ ነጥቡ ከመሐሉ ያለው ርቀት ከሬዲየሱ ጋር ይወዳደራል። የክልል ካርታን ለመሰለ ውስብስብ ቅርጽ ደግሞ ከነጥቡ ወደ አንድ አቅጣጫ መስመር ተስቦ የቅርጹን ጠርዝ ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ነጥቡ ውስጥ ነው። ቪው ከዞረ ወይም ከተለጠጠ ሥርዓቱ ነጥቡን በተገላቢጦሽ አዙሮ ወደ ልጁ መለኪያ ይቀይረዋል። ይህ የሒሳብ ክፍል የተፈታ ነው፤ ብዙ አያከራክርም።

አንድሮይድ የሚሄድበት መንገድ ለየት ይላል። «ሞሽን ኢቨንት» የተባለው የንክኪ መልእክት ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ልጆችን የያዘ ቪው ሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቃል፤ ልጥለፈው ወይስ ላሳልፈው? ካሳለፈው ከፊት ካለው ልጅ ጀምሮ ነጥቡ በክልሉ ውስጥ ለሆነ ልጅ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ግን ነጥቡ በክልል ውስጥ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ልጁ ጣት ባረፈበት ቅጽበት «እቀበላለሁ» ማለት አለበት። እምቢ ካለ መልእክቱ ከኋላው ላለው ይቀርባል፤ ሁሉም እምቢ ካሉ ወደ ወላጁ ይመለሳል። እምቢ ያለ ልጅ የዚያን ጣት ቀሪ እንቅስቃሴ አያይም። በአይኦኤስ ኢላማውን የሚወስነው በዋናነት ቦታ ሲሆን በአንድሮይድ ቦታና ፈቃድ ተጣምረው ይወስኑታል። የጄስቸር ለይቶ አውቂውን ተጠቅመው «ኦን ዳውን» ከተባለው ፋንክሽን አሉታዊ መልስ የሚመልሱ ጀማሪዎች ማንሸራተቱ የማይሠራላቸው ለዚህ ነው።

የተቀበለው ልጅ እስከ መጨረሻው ይዞት ይቆያል ማለትም አይደለም። ወላጁ መልእክቶቹን መመልከቱን አያቆምም፤ ወላጁ የሚንሸራተት ዝርዝር ከሆነና ጣቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ጥቂት ከተጓዘ፣ ይኸውም በአንድሮይድ የተለመደው ልክ 8 ዲፒ (የአንድሮይድ የርዝመት መለኪያ) ነው፣ ዝርዝሩ ንክኪውን ነጥቆ መንሸራተት ይጀምራል። ለልጁ የሚደርሰው የመጨረሻ መልእክት «ተሰርዟል» የሚል ነው። ይህን መልእክት ችላ ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጣት ከተነሳ በኋላም እንደተጫነ ጠቁሮ የሚቀር በተን ያየ ሰው የዚህን ስሕተት ውጤት አይቷል። አግድም የሚንሸራተት ነገር ቁልቁል በሚንሸራተት ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ልጁ ወላጁን «አትጥለፍብኝ» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድም አለ። የአንድሮይዱ ደንብ ለመማር ይከብዳል፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ለሚንሸራተት ገጽ ግን ከራሱ ከደንቡ ሳይወጡ ብዙ ርቀት ያስኬዳል። የአይኦኤሱ ደግሞ ስሕተት ሲፈለግ ይመቻል፤ የትኛው ቪው እንደተመረጠ በአንድ ጥያቄ ይታወቃልና።

አፕል በ2010 በወጣው አይኦኤስ 3.2 የጄስቸር ተቀባዮችን አስተዋወቀ። መንካት፣ መያዝ፣ መቆንጠጥ፣ ማዞር ተዘጋጅተው ቀረቡ፤ ሥራው በእጅጉ ቀለለ። የአድማጩና የተነካው መደባለቅም አብሮ ሰፋ። የጄስቸር ተቀባዩ «ቪው» የሚል መለያ አለው፤ ፕሮግራመሩም የተነካውን የሚነግረው ይመስለዋል። መለያው የሚነግረው ግን ተቀባዩ የተሰካበትን ነው። አራት ፎቶዎችን በያዘ ማህደር ላይ ከተሰካ የትኛውም ፎቶ ቢነካ መልሱ ዘወትር ማህደሩ ነው። ያን ለማስተካከል አንዱን ተቀባይ ለአራቱም ፎቶዎች መስጠት ይሞከራል፤ ተቀባይ የአንድ ቪው ብቻ ስለሆነ የሚሠራው መጨረሻ የተሰጠው ፎቶ ነው።

ሁለት ትክክለኛ መንገዶች አሉ። ለእያንዳንዱ ፎቶ የራሱን ተቀባይ መፍጠርና ሁሉንም ወደ አንድ ፋንክሽን መምራት አንዱ ነው፤ ያኔ የተሰካበትና የተነካው አንድ ይሆናሉ። ሌላው አንድ ተቀባይ በማህደሩ ላይ ሰክቶ የንክኪውን ነጥብ በማህደሩ መለኪያ መቀበልና «በዚህ ነጥብ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ነገሮቹ ጥቂት ከሆኑ የመጀመሪያውን፣ ብዙ ከሆኑ ወይም እየተጨመሩ እየተቀነሱ ከሄዱ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በሁለተኛው መንገድ የሚበዛው ስሕተት የመለኪያ ነው፤ በዊንዶው የተለካ ነጥብ ለማህደሩ ይሰጣል፣ ዝርዝሩ እስካልተንሸራተተ ድረስ የተስተካከለ ይመስላል፣ ሲንሸራተት ግን መልሱ ይዛባል። በአንድሮይድም የቪው መለኪያና የስክሪን መለኪያ ለየብቻ ይቀርባሉ፤ በጣት የሚጎተትን ነገር በራሱ መለኪያ እያነበቡ ማንቀሳቀስ ነገሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ መለኪያው ራሱ አብሮ ይንቀሳቀሳልና።

የተነካውን ከሚያዳምጠው በመለየት ረገድ የድረ ገጹ ዓለም ቀድሟል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው 3 ሲ በ2000 ያጸደቀው የኢቨንት ደረጃ «ታርጌት» እና «ከረንት ታርጌት» የሚሉ ሁለት መለያዎችን ለይቶ አስቀምጧል፤ አንዱ የተነካውን፣ ሁለተኛው አሁን የሚያዳምጠውን ይናገራል። የሞባይል ሥርዓቶችም በጄስቸር ተቀባዮቻቸው ላይ ይህን ልዩነት በስም ለይተው ቢያወጡት ስንት ሰው ከድካም በዳነ። ፍለተር ጥያቄውን በሌላ ጎን ይነካዋል። አንድ ጣት ብዙ አድማጭ ሲኖረው ሁሉም ወደ አንድ የውድድር ሜዳ ይገቡና አንዱ አሸናፊ እስኪለይ ይጠበቃል፤ አንድ ሳጥን ባዶ ቦታው ሲነካ ይስማ ወይስ አይስማ የሚለውንም ፕሮግራመሩ በግልጽ እንዲመርጥ ያስችላል። ሌላው የመተግበሪያ መሥሪያ ሪአክት ኔቲቭ ደግሞ ወላጁ ራሱ ሳይነካ ልጆቹ ብቻ እንዲነኩ ማድረጊያ አለው፤ ግልጽ ሽፋን ከካርታ በላይ ለሚዘረጋ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኢላማው መቼ ይወሰን የሚለው ከስማርት ስልክ በፊት የተነሳ ጥያቄ ነው። በ1988 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፖተር፣ ዌልደንና ሽናይደርማን ሦስት ስልቶችን አወዳደሩ። በአንደኛው ጣት መጀመሪያ ያረፈበት ብቻ ይቆጠራል፤ በሁለተኛው ጣት እየተንሸራተተ መጀመሪያ ያገኘው ኢላማ ይመረጣል፤ በሦስተኛው ጣት ሲነሳ ያለበት ይወሰዳል። ሦስተኛው ከአንደኛው ይልቅ ስሕተት ቀነሰ፤ ሰው ያረፈበትን አይቶ ማስተካከል ይችላልና። የዛሬው የስልክ በተን ከሁለቱ የተውጣጣ ነው። ጣት ሲያርፍ ቀለሙ ይቀየራል፣ ሲነሳ ሥራውን ይሠራል፣ ከመነሳቱ በፊት ወደ ውጭ ከወጣ ይሰርዘዋል። በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 ይህን የመሰረዝ ዕድል በመስፈርትነት አስገብቶታል፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ጥቅሙ ከፍተኛ ነው።

መጎተት ሲመጣ ግን ሁለት ኢላማ አለ፦ የተነሳው ነገርና የሚጣልበት ቦታ። በአይኦኤስም ሆነ በድረ ገጽ የንክኪ ኢቨንቶች ጣት የቱንም ያህል ቢጓዝ ንክኪው ከጀመረበት ነገር ጋር እንደተያያዘ ይቆያል። ስለዚህ የሚጣልበትን ቦታ በየጊዜው እንደ አዲስ መጠየቅ የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው፤ ሲጠይቅም የሚጎተተው ነገር ራሱ ከጣቱ ሥር ስለሆነ መጀመሪያ ከፍለጋው ሊያስወጣው ይገባል። የመጎተት ተቀባዩ «ተጀመረ» የሚለውም ጣት ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ነው። ነገሩ ትንሽ ከሆነ በዚያን ጊዜ ጣቱ አልፎት ሄዷል፤ በዚያ ነጥብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ባዶ ቦታ ያገኛል። መድኃኒቱ ጣት ባረፈበት ቅጽበት የተገኘውን መልስ ይዞ ማቆየት ነው።

በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ነገር ሲነካ የሚሆነው በጣም ይገርመኛል። በአይኦኤስ አንድ ቪው ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ ሲታይ፣ ለሥርዓቱ ቪው አስቀድሞ ላይ ደርሷል፤ ዓይን የሚያየው ከእውነተኛው ቪው ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ምስል ነው። ሂት ቴስት የሚያገኘው መድረሻውን ነው። ሲጀመርም እንቅስቃሴው እስኪያበቃ ንክኪ ይዘጋል፤ ፕሮግራመሩ ፈቅዶ ካልከፈተው በቀር። በቀድሞው አንድሮይድ ደግሞ ተቃራኒው ይሆን ነበር። ምስሉ ሄዶ ሲያበቃ እንኳ ንክኪ የሚቀበለው መነሻው ላይ ነበር፤ ሰው በተኑን ሲነካ አይሠራም፣ በተኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ ሲነካ ይሠራል። በ2011 የወጣው አንድሮይድ 3.0 የቪውን ባሕርይ በእውነት የሚቀይር አዲስ የእንቅስቃሴ ስልት አምጥቶ ይህን አስተካከለ። አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ሳቱ፤ በሁለቱም ጊዜ ተጎጂው ያየውን የሚያምን ተጠቃሚ ነው።

ብዙ ጣት በአንድ ጊዜ ሲያርፍ አንድሮይድ ለእያንዳንዱ ጣት ተራ ቁጥርና መታወቂያ ይሰጣል። ተራ ቁጥሩ አንዱ ጣት ሲነሳ ይለዋወጣል፤ መታወቂያው ግን ጣቱ እስኪነሳ አይቀየርም። ሥዕል መሣያ ወይም የሙዚቃ መተግበሪያ የሚሠራ ሰው መታወቂያውን ይያዝ።

ይኸው የቁጥርና የመታወቂያ ጉዳይ በዝርዝሮች ላይ ሲደርስ እውነተኛ ጉዳት ያመጣል። ረጅም ዝርዝር ሲንሸራተት ስልኩ ለሺህ ስም ሺህ ቪው አይፈጥርም፤ ከላይ የወጡትን መስመሮች አንሥቶ በአዲስ መረጃ ሞልቶ ከታች ያስገባቸዋል። ስለዚህ የተነካውን ቪው ማግኘት ግማሽ መልስ ነው፤ ያ ቪው አሁን የማንን መረጃ እንደያዘ ማወቅ ይቀራል። ብዙ ፕሮግራመር መስመሩ ሲሞላ የነበረውን ቁጥር በቪው ላይ ይጽፍና ሲነካ ያነበዋል። ከላይ አንድ ስም ሲጨመር ወይም ሲሰረዝ የተጻፈው ቁጥር ያረጃል። በክሊኒክ ወረፋ «ከፊት ሦስተኛው» ብሎ ሰው እንደመጥራት ነው፤ አንዱ ወጥቶ ሲሄድ ሦስተኛው ሌላ ሰው ይሆናል። የአንድሮይድ ሪሳይክለር ቪው በነካንበት ቅጽበት ያለውን ቦታ እንድንጠይቅ ያስችላል፤ ዝርዝሩ እየተለዋወጠ ከሆነም «ቦታ የለውም» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ያን መልስ አለመፈተሽ ፕሮግራሙን ይጥለዋል። ከሁሉም የሚሻለው የደንበኛውን ወይም የዕቃውን ቋሚ መለያ ከመስመሩ ጋር ማሰርና ቦታን ለሥዕል ብቻ መተው ነው።

እስካሁን ያየነው የተነካውን ስለማግኘት ነው። ተጠቃሚው ያሰበውን ማግኘት ግን የተመራማሪዎች ድካም ያረፈበት ነው። ክርስቲያን ሆልዝና ፓትሪክ ባውዲሽ በ2010 እና በ2011 ባወጡት ሥራ ስሕተቱ ከጣት ውፍረት ብቻ እንደማይመጣ አሳይተዋል። ሰው ጣቱን የሚያነጣጥረው ከላይ ሆኖ በሚያየው የጣቱ ገጽታ ነው፤ መሣሪያው የሚለካው ግን ከሥር ያለውን የንክኪ ስፋት መሐል ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ፈቀቅታ ጣቱ እንደያዘው ማዕዘንና እንደየሰዉ ይለያያል። ሄንዘ፣ ሩኪዚዮና ቦል ደግሞ በ2011 በአንድሮይድ ጨዋታ አማካይነት ከ100 ሚሊዮን በላይ ንክኪዎችን ሰብስበው ንክኪው ከታሰበው ነጥብ በአንድ ወገን የማዘንበል ልማድ እንዳለው አረጋገጡ። ልማድ ያለው ስሕተት ሊታረም ይችላል።

ኢንዱስትሪው የወሰደው ቀላሉን መንገድ ነው፤ ኢላማውን ማስፋት። አፕል ቢያንስ 44 በ44 ፖይንት፣ ጉግል 48 በ48 ዲፒ ይመክራሉ፤ የጉግሉ ልክ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። በ2023 የጸደቀው የተደራሽነት መመሪያ 2.2 ዝቅተኛውን ወሰን 24 በ24 የሲኤስኤስ ፒክስል አድርጎታል፤ በኔ ግምት ይህ ለአውራ ጣት ያንሳል። የሚታየው ምልክት ትንሽ ሆኖ የሚነካው ክልል ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ አንድሮይድ ለዚህ «ታች ዴሊጌት»፣ ሪአክት ኔቲቭ «ሂት ስሎፕ» አላቸው። የሰፉት ክልሎች ሲደራረቡ ከፊት ላለው መስጠት ፍትሐዊ አይደለም። ለነጥቡ ቅርብ የሆነው ቢመረጥ ይሻላል፤ ግሮስማንና ባላክሪሽናን በ2005 ለኮምፒውተር ጠቋሚ ያቀረቡት ሐሳብም ይኸው ነው።

የአይፎን ኪቦርድ ከ2007 ጀምሮ ከዚህም ርቆ ሄዷል። ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው ፊደል የሚነካበት ክልል ለዓይን ሳይታይ ይሰፋል። ኢላማው በቦታ ብቻ ሳይሆን በቋንቋም ይወሰናል ማለት ነው። ለአማርኛ ይህ ጉዳይ ይከብዳል። የፊደል ገበታችን 33 ፊደላትን በ7 ቤት ይዞ 231 ሆሄ ስለሚደርስ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ሊነካ አይችልም፤ ኪቦርዶቻችን ግእዙን ነክተን ቤቶቹ ብቅ እንዲሉ ያደርጋሉ፣ ወይም በላቲን ድምፅ ያጽፉናል። ብቅ የሚለው ረድፍ ከቁልፉ ክልል ይወጣል፤ ጣት ሳይነሳ እየተንሸራተተ ካዕብ ወይም ሣልስ ይመርጣል። ከላይ ያነሳናቸው የክልል፣ የመጎተትና የመነሻ ቅጽበት ችግሮች ሁሉ በአንድ ቁልፍ ላይ ይገናኛሉ። ግምቱም ቀላል አይደለም፤ ግሳችን ከፊትም ከኋላም ቅጥያ እየወሰደ ስለሚረባ የቃላት ዝርዝር ብቻ ይዞ ቀጣዩን ሆሄ መገመት አያስተማምንም። ለቋንቋችን ኪቦርድ የሚሠሩ ሰዎች የንክኪ ክልሉንና የቋንቋ ግምቱን አንድ ላይ ሊያጠኑት ይገባል።

በባለ ሦስት ገጽታ ጨዋታ ነጥቡ ወደ ጨረር ይቀየራል፤ ከካሜራው ተነስቶ በነጥቡ በኩል ሲያልፍ መጀመሪያ የሚመታው ነገር ኢላማ ይሆናል። ሌላው ስልት እያንዳንዱን ነገር ለዓይን በማይታይ ገጽ ላይ በተለየ ቀለም ሥሎ ጣት ያረፈበትን ፒክስል ቀለም ማንበብ ነው። ቅርጹ ምንም ያህል ቢወሳሰብ አይስትም።

የማይዘለል አንድ ጉዳይ ደኅንነት ነው። ሌላ መተግበሪያ በባንክ ገጽ ላይ ሽፋን ዘርግቶ ሰው አንዱን የሚነካ መስሎት ሌላውን እንዲነካ ማድረግ ይቻል ነበር። አንድሮይድ ከረጅም ጊዜ በፊት ጀምሮ የተሸፈነ ቪው ንክኪ እንዳይቀበል ማድረጊያ አለው፤ መጠቀሙ ግን ለፕሮግራመሩ የተተወ ነበር። በ2021 የወጣው አንድሮይድ 12 ከማይታመን ሽፋን አልፎ የሚመጣን ንክኪ ራሱ ማገድ ጀመረ። በብዙ አሮጌ ስልኮች ላይ ይህ ጥበቃ ስለሌለ ማድረጊያውን ማብራት አሁንም የግድ ነው።

በአገራችን የገንዘብ መላኪያና የክፍያ መተግበሪያ የምትሠሩ ወገኖች፣ የተቀባዮችን ዝርዝር እየተንሸራተተ ሳለ ንኩት፤ አዲስ ስም ከላይ እየገባ ሳለ ንኩት፤ በአውራ ጣት፣ በአንድ እጅ፣ በርካሽና በአሮጌ ስልክ ንኩት። በማረጋገጫው ገጽ የሚወጣው ስም ጣታችሁ ያረፈበት ስም መሆኑን ሳታዩ መተግበሪያውን ለሕዝብ አትልቀቁ።